የስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ) ድንገተኛ ሕክምና፦ «ደህና ሆኖ የታየው ስንት ሰዓት ነው?» ከሚለው ጀምሮ እስከ መጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት

#1 — የድንገተኛ_ሐኪም

ሪፈራል ወረቀት ላይ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፦ «ከ2 ሰዓት በፊት ቀኝ ጎኑ ደከመ፣ አንደበቱ ተያዘ።» ምን ማለት ነው? ከታመመ 2 ሰዓት ሆነው? ወይስ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ነው የታመመው? ደግሞስ 2 ሰዓት የተባለው በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? አንዲት ሐረግ ሦስት ትርጉም ትይዛለች። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ግን የሚሰጠው 4 ሰዓት ተኩል ሳያልፍ ነው። በእኛና በፈረንጅ ሰዓት መካከል ያለው የ6 ሰዓት ልዩነት ከዚህ ገደብ ይበልጣል። ስለዚህ እዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት ሊረዳ የሚችለውን ሰው ያስቀራል፤ አለዚያም ጊዜው ላለፈበት ሰው አንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስ የሚችል መድኃኒት ያሰጣል።

ሌላው፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው ወድቆ ከተገኘበት አይደለም፤ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ከታየበት ነው። ማታ 3 ሰዓት ተኝቶ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እጁ አልታዘዝ ያለው ሰው ቆጠራው ከማታው 3 ይጀምራል፤ 9 ሰዓት አልፎታል። ሌሊት ለሽንት ተነስቶ በእግሩ ሄዶ ከሆነ ግን ከዚያ ነው የሚቆጠረው። ይህን የሚያውቀው አብሮት ያደረው ሰው ነው፤ እሱም ካልተጠየቀ አይናገርም።

አስታማሚን «ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ግምት ነው የሚያመጣው። ከቀኑ ውሎ ጋር አያይዙት። ከቅዳሴ ተመልሳ ነበር? አዛን ብሏል? ልጆቹ ትምህርት ቤት ሄደዋል? ቡናው አቦል ላይ ነበር ወይስ በረካ ደርሷል? በመጨረሻ በስልክ ያናገረችው ማንን ነው? የጥሪ መዝገቡ ከማንም ትዝታ የተሻለ ምስክር ነው። ብዙ ስልክ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚሞላ ግን መጀመሪያ የስልኩን ሰዓት ግድግዳው ላይ ካለው ጋር አስተያዩት።

#2 — አስተርጓሚ_ቨርጂኒያ

ይህ ነገር ውጭ አገር ይብሳል። ዋሽንግተን አካባቢ አንዲት እናት «ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደህና ነበረ» ስትል ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው ለሐኪሙ ሌሊት 2 ሰዓት ያደርገዋል። እሷ ያለችው በዚያ አገር አቆጣጠር 8 ሰዓት ጠዋት ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ድንገተኛ ክፍል የደረሰ ሰው እውነተኛው 2 ሰዓት ተኩል ሆኖ ሳለ፣ ወረቀቱ ላይ 8 ሰዓት ተኩል አልፎት ይገኛል።

አስተርጓሚ ማድረግ ያለበት ሰዓቱን ለውጦ መናገር፣ ከዚያም ለሐኪሙ «የኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ ለውጬዋለሁ» ብሎ ማሳወቅ፣ ለቤተሰቡ ደግሞ «ፀሐይ ወጥታ ነበር?» ብሎ ማረጋገጥ ነው። በስልክ የሚያስተረጉሙ ሰዎችም ይህን ይያዙልን። ተቃራኒውም አለ፤ ብዙ ዓመት ውጭ የኖረ ልጅ በአማርኛ እያወራም «8 ሰዓት» የሚለው በፈረንጅ ሊሆን ይችላል።

#3 — ኢንተርን_ጤና_ጣቢያ

ዶክተር፣ ሲቲ (የአንጎል ምስል ማንሻ) የሌለበት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ላይ ላለን ሰዎች ቢያብራሩልን። ከመላካችን በፊት ምን እናድርግ? አስፕሪን እንስጥ? ግፊቱ 200/110 ሲሆን ኒፌዲፒን (የግፊት ማውረጃ) ምላስ ሥር ማድረግ የተለመደ ነው፤ ልክ ነው?

#4 — የድንገተኛ_ሐኪም

ከኒፌዲፒኑ ልጀምር። አታድርጉት። የተዘጋው ሥር ዙሪያ ያለው የአንጎል ክፍል ገና አልሞተም፤ በጎን ሥሮች በሚደርሰው ጥቂት ደም ነው የቆየው፣ ያንን ደም የሚገፋው ደግሞ ከፍ ያለው ግፊት ነው። ምላስ ሥር የሚደረግ ኒፌዲፒን ግፊቱን በድንገትና ባልታወቀ መጠን ይጥለዋል፤ ሲወርድ የሚይዘው የለም። የሚያሟሟው መድኃኒት የማይሰጠው ሰው ከሆነ፣ ሌላ አስገዳጅ ምክንያት (የልብ ድካም ከሳንባ ውሃ ጋር፣ የአኦርታ መሰንጠቅ፣ ኤክላምፕሲያ) እስከሌለ ድረስ እስከ 220/120 ይተዋል። መድኃኒቱ ሊሰጠው የሚችል ከሆነ ግን ከመጀመሩ በፊት ከ185/110 በታች መሆን አለበት፤ ይህንንም ተቀባዩ ሆስፒታል በሚቆጣጠሩት የደም ሥር መድኃኒት ቢያደርገው ይሻላል።

አስፕሪን ደግሞ ሲቲ ሳይታይ አይሰጥ። የፈሰሰ ደምና የተዘጋ ሥር በእጅ ምርመራ አይለዩም፤ ማስታወክና ራስ ምታት ወደ መፍሰስ ያዘነብላሉ እንጂ አያረጋግጡም። አስፕሪን የሚቸኩል መድኃኒት አይደለም፤ ጥቅሙ እስከ 48 ሰዓት ድረስ አለ፣ ሲቲ በዚያው ቀን የሚደረስ ከሆነ መጠበቁ አያከስርም።

ማድረግ ያለባችሁ ይህን ነው። ስኳሩን መጀመሪያ ለኩ። ከ60 በታች ከሆነ 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥር ስጡና ድካሙ መልቀቁን እዩ፤ ከለቀቀ ስትሮክ አልነበረም። ስኳሩ ካልወረደ ግን ግሉኮስ አታንጠልጥሉ፣ ኖርማል ሳላይን ብቻ። ጤነኛው ክንድ ላይ ካኑላ (የደም ሥር መስመር)፣ ቢቻል ሁለት። ኦክስጅን ከ94 በመቶ በታች ካልወረደ አያስፈልግም። በአፍ ምንም አይሰጥ። ከዚያ ተቀባዩን ሆስፒታል አምቡላንሱ ከመነሳቱ በፊት በስልክ አነጋግሩ፤ ሲቲው እየሠራ መሆኑን ጠይቁ፣ ካልሠራ ሌላ ቦታ ይላክ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከ20 ደቂቃ ማለፍ የለበትም። የላቦራቶሪ ውጤት እየጠበቃችሁ አታቆዩት።

ሰዓቱን በእርግጠኝነት የሚያውቀው አስታማሚ አብሮ ይሳፈር። ወንድምየው አምቡላንስ ላይ፣ ያየችው ሚስት ደግሞ ቤት ከቀረች ወረቀቱ ብቻውን ይመጣል።

#5 — ሲስተር_ትሪያጅ

«በአፍ ምንም አይሰጥ» የሚለው ላይ ልጨምር። ቤተሰቡ አዝኖ ስኳር በውሃ በጥብጦ፣ ወይም ማር፣ ወይም ቡና ያጠጣል። ግማሽ ጉሮሮው ያልታዘዘለት ሰው ፈሳሹን ወደ ሳንባው ነው የሚወስደው፤ በሦስተኛው ቀን ትኩሳትና ሳል ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ትሪያጅ (የሕሙማን መለያ) ላይ «ምን ጠጣ?» ተብሎ ይጠየቅ።

ሆስፒታል ውስጥም ክኒን ከመዋጡ በፊት በማንኪያ ይፈተን። ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ፣ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ በጣት ይዳሰስ፣ ሳል ይጠበቅ፣ ከዚያ «አአአ» ይበል። ድምፁ እንደ ውሃ ከተንቦጫረቀ አልፏል ማለት አይደለም። ሦስት ማንኪያ ካለፈ 50 ሚ.ሊ. በብርጭቆ። ካላለፈ አስፕሪኑም በአፍ አይሄድም፤ በቱቦ ወይም በፊንጢጣ ነው።

«ነፋስ መታው»፣ «ምች ነው» ተብሎ የሚዘገየው የፊት መጣመምም አለ። አንድ ነገር ይለየዋል፦ ግንባሩ። «ቅንድብህን ወደ ላይ ስቀል» በሉት። ግንባሩ በሁለቱም በኩል ከተሸበሸበና የታችኛው ፊት ብቻ ከወረደ ነገሩ አንጎል ውስጥ ነው። ግንባሩም አብሮ ለስልሶ ዐይኑ አልከደን ካለ አብዛኛውን ጊዜ የፊት ነርቭ ነው። እጅ ወይም ንግግር አብሮ ከተነካ ግን ግንባሩ ምንም ይሁን ምን እንደ ስትሮክ ነው የሚሮጠው።

ጸበል መውሰድ የሚፈልግ ቤተሰብ ላይ መቆጣት ሰዓት ይበላል። «ጸበሉ ነገም አለ፣ ይህ መድኃኒት ግን ከ4 ሰዓት ተኩል በኋላ የለም፤ ጸበሉን እዚሁ አምጡለት፣ በአፉ ግን አታጠጡት» ሲባሉ ይሰማሉ።

#6 — ነዋሪ_ሐኪም_ውስጥ_ደዌ

ሲቲው «ኖርማል» ተብሎ ከተመለሰ ስትሮክ አይደለም ተብሎ ወደ ክፍል የሚላክ ሰው አለ። ራዲዮሎጂዎች እዚህ ካላችሁ?

#7 — ራዲዮ_ምስል

አለን። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ኖርማል ሲቲ የሚጠበቅ ነው። ሲቲውን የምናነሳው የተዘጋውን ለማየት ሳይሆን የፈሰሰ ደም አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነው። አዲስ ደም ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ነጭ ከሌለ፣ ምርመራው ደግሞ ስትሮክ ካለ፣ ሕክምናው ይቀጥላል። ለዚህ ያለ ኮንትራስት (ማቅለሚያ) የተነሳው ይበቃል።

ሆኖም ጊዜ ወስዶ ለሚያይ ሰው ቀደምት ምልክቶች አሉ። የምስሉን የብሩህነት መስኮት (ዊንዶው) ስፋቱን ወደ 40 አጥብቡት፣ መሃሉንም 40 ላይ አድርጉት፤ በተለመደው አቀማመጥ የማይታየው ያን ጊዜ ይወጣል። የኢንሱላ ግራጫ ጠርዝ መጥፋቱን፣ የሌንቲፎርም ኒውክሊየስ ድንበር መደብዘዙን፣ በአንድ ወገን የአንጎል ሽብሽቦች መጥበባቸውን፣ መካከለኛው የአንጎል ደም ወሳጅ ቧንቧ (ኤምሲኤ) እንደ ነጭ ክር መድመቁን ከሌላው ወገን ጋር እያነጻጸራችሁ እዩ። አስፔክትስ (የጉዳቱን ስፋት በሲቲ የሚለካ ነጥብ) ከ10 ይጀምራል፣ ለተጎዳ እያንዳንዱ ክፍል 1 ይቀነሳል። ሰፊና ጥርት ብሎ የጠቆረ ቦታ ካለ ግን የተነገረው ሰዓት ልክ አይደለም ማለት ነው፤ ቤተሰቡ እንደገና ይጠየቅ።

በቴሌግራም ምስል ለምትልኩልን፦ አንድ ስላይስ ፎቶ አንስታችሁ አትላኩ። ከታች እስከ ላይ በዝግታ እያሸበለላችሁ ስክሪኑን በቪዲዮ ቅረጹ፤ ስሙን ሸፍኑ፤ የተነሳበት ሰዓት ግን ይታይ። የማሽኑም ሰዓት በፈረንጅ ነው፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ይዛባል።

የኋላው አንጎልና ግንዱ በሲቲ በደንብ አይታዩም። ድንገት ዞሮበት፣ ነገሮችን ሁለት ሁለት እያየ፣ መቆም ያቃተው ሰው እጅና እግሩ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ «ጆሮ ነው» ተብሎ አይመለስ።

#8 — ፋርማሲ_ክፍል

የመድኃኒቱን ጉዳይ ልውሰድ። መጀመሪያ ግን፦ ስትሬፕቶካይኔዝ ለስትሮክ አይሰጥም። ለልብ ደም ሥር መዘጋት (ሃርት አታክ) የተቀመጠ አለና «ያው ደም አሟሚ ነው» ተብሎ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተሞክሮ የደም መፍሰስና ሞት ስላበዛ ጥናቶቹ ተቋርጠዋል። የሚሠራው አልቴፕላዝ ወይም ቴኔክቴፕላዝ ነው።

አልቴፕላዝ፦ 0.9 ሚ.ግ. በኪ.ግ.፣ ጣሪያው 90 ሚ.ግ.። አሥር በመቶው በ1 ደቂቃ ይገፋል፣ ቀሪው በ60 ደቂቃ ይንጠባጠባል። 58 ኪ.ግ. ለሚመዝን ሰው 52.2 ሚ.ግ. ነው፤ 5.2ቱ በመጀመሪያ፣ 47ቱ በኋላ። 50 ሚ.ግ.ን በቀረበው 50 ሚ.ሊ. የመርፌ ውሃ ስትበጠብጡ 1 ሚ.ሊ. 1 ሚ.ግ. ይሆናል። አትነቅንቁት፣ አረፋ ያወጣል፤ በመዳፍ መካከል ቀስ አድርጋችሁ አሽከርክሩት፣ አረፋው እስኪከስም ጥቂት ደቂቃ አቆዩት።

ሁለት ስህተት ይደጋገማል። አንደኛው፣ 48 ኪ.ግ. ላለችው ሴት (43.2 ሚ.ግ. ያስፈልጋታል) ሙሉው 50 ሚ.ግ. ይሰቀላል፤ «ሲደርስ እናቆማለን» ይባላል፣ ማንም አያቆመውም። ትርፉ 6.8 ሚ.ሊ. ከመሰቀሉ በፊት ተስቦ ይጣል። ሁለተኛው፣ ጠርሙሱ ሲያልቅ መስመሩ ይነቀላል፤ በቱቦው ውስጥ የቀረው መድኃኒት ግን አልገባም። ጥቂት ኖርማል ሳላይን አስከትላችሁ በዚያው ፍጥነት አስጨርሱት።

ኢንፊዩዥን ፓምፕ ከሌለ በቡሬት (ልኬት ባለው የጠብታ ዕቃ) ይሠራል። 60 ጠብታ 1 ሚ.ሊ. በሚሆንበት መስመር የሰዓቱ ሚ.ሊ. እና የደቂቃው ጠብታ እኩል ናቸው፤ 47 ሚ.ሊ. በሰዓት ማለት 47 ጠብታ በደቂቃ። በተራው መስመር (20 ጠብታ) ወደ 16 ነው። ሰው አጠገቡ ይቁም።

ቴኔክቴፕላዝ ይቀላል፦ 0.25 ሚ.ግ. በኪ.ግ.፣ ጣሪያው 25 ሚ.ግ.፣ በአንድ ግፊት በ5 ሴኮንድ። ካናዳ ውስጥ የተሠራው ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ከአልቴፕላዝ እንደማያንስ አሳይቷል፤ አሜሪካ ለስትሮክ የፈቀደችው በ2025 ነው። ሳጥኑ ላይ ያለውን የልብ መጠን አትከተሉ፤ እሱ እጥፍ ነው፣ እስከ 50 ሚ.ግ. ይደርሳል። 50 ሚ.ግ. በ10 ሚ.ሊ. ሲበጠበጥ 1 ሚ.ሊ. 5 ሚ.ግ. ነው፦ ከ60 ኪ.ግ. በታች 3 ሚ.ሊ.፣ ከ60 እስከ 70 ሳይሞላ 3.5፣ ከ70 እስከ 80 ሳይሞላ 4፣ ከ80 እስከ 90 ሳይሞላ 4.5፣ 90ና ከዚያ በላይ 5 ሚ.ሊ.። ግሉኮስ የነበረበት መስመር ከሆነ ቀድማችሁ በሳላይን እጠቡት፣ አለዚያ መድኃኒቱ ይረጋል።

ክብደቱን መዝኑ። መቆም የማይችል ሰው «60 ይሆናል» ይባላል፤ አልጋውን የሚመዝን ሚዛን ከሌለ ቢያንስ ሁለት ሰው ለየብቻ ይገምት።

#9 — ሲስተር_አይሲዩ

ግፊት የሚለካበት ማሰሪያ መድኃኒቱ የሚገባበት ክንድ ላይ አይሁን፤ በተነፋ ቁጥር መስመሩን ያፍናል። መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት በየ15 ደቂቃ፣ ለቀጣዮቹ 6 ሰዓታት በየ30 ደቂቃ፣ ከዚያ እስከ 24 ሰዓት በየሰዓቱ ይለካል። 36 ልኬት ነው። በየአንዳንዱም እጅ፣ እግር፣ ንግግር ይታያል። ጣሪያው 180/105። ካለፈ፣ ግፊት የሚያወርደው ላቤታሎል ካለ ከ10 እስከ 20 ሚ.ግ. በ1 እና 2 ደቂቃ ውስጥ በዝግታ፤ ከሌለ ሃይድራላዚን 5 ሚ.ግ. እየተጠበቀ፤ እሱ ግን ዘግይቶ ይሠራና በድንገት ይጥላል፣ ስለዚህ 20 ደቂቃ ሳይሞላ አትድገሙት።

ድንገት ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ የግፊት መዝለል ወይም የንቃት መቀነስ ከመጣ መድኃኒቱን ዝጉ፣ ከዚያ ሐኪም ጥሩ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ሲቲ ይደገም፣ ደም ይመሳከር። መፍሰሱ ከተረጋገጠ ደም እንዲረጋ የሚያግዝ ክራዮፕሪሲፒቴት 10 ዩኒት፣ ወይም ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በ10 ደቂቃ።

ኢናላፕሪል (የግፊት መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ምላሱ ሊያብጥ ስለሚችል በባትሪ እዩት፣ በተለይ የሚያሟሟው መድኃኒት ሊያልቅ ሲል። እብጠቱ ከምላሱ በአንድ ወገን ይጀምራል፣ ብዙ ጊዜም በደከመው ጎን። ከንፈሩ ከወፈረ ወይም ድምፁ ከታፈነ መድኃኒቱ ይቆማል፣ ሜቲልፕሬድኒሶሎን 125 ሚ.ግ. እና ፀረ አለርጂ በደም ሥር፣ እየባሰ ከሄደ አድሬናሊን፣ አየር ቧንቧ የሚይዝ ሰውም ቀድሞ ይጠራ።

የሽንትና የአፍንጫ ቱቦ የግድ ካላስፈለገ ይቆይ። አስፕሪንም ሄፓሪንም ለ24 ሰዓት የለም፣ ሲቲው ተደግሞ መፍሰስ አለመኖሩ እስኪታይ።

#10 — የነርቭ_ሐኪም

በሁለት ነገር ላይ ከተለመደው አሠራር እለያለሁ። አንደኛ፣ ኢንአርና ፕሌትሌት (የደም መርጋት ምርመራዎች) ካልመጣ አንጀምርም የሚለው። ከመጀመሩ በፊት የግድ የሚታወቀው ስኳር ብቻ ነው። ዋርፋሪን (ደም ማቅጠኛ) የማይወስድ፣ የሚደማ በሽታ ያልታየበት ሰው ውጤቱ እየተጠበቀ ይጀመርለታል፤ ኢንአር ከ1.7 በላይ ወይም ፕሌትሌት ከ100,000 በታች ከመጣ ይቆማል። ሁለተኛ፣ «ነጥቡ ትንሽ ነው» ብሎ መተው። ኤንአይኤችኤስኤስ (የስትሮክ ክብደት መለኪያ ነጥብ) 3 ያለው ሰው መናገር የተሳነው መምህር ወይም ቀኝ እጁ የማይታዘዝለት ልብስ ሰፊ ሊሆን ይችላል። መመዘኛው ነጥቡ ሳይሆን ጉዳቱ ከሥራው ያስቀረዋል ወይ የሚለው ነው። የማያሰናክል ቀላል ድካም ከሆነ ግን አስፕሪን ከክሎፒዶግሬል ጋር (300 ሚ.ግ. መነሻ፣ ከዚያ 75) ለ21 ቀን ይሻላል፤ ከዚያ አንዱ ብቻ ይቀጥላል።

ለቤተሰብ ስታስረዱ ቁጥሩን አትደብቁ። እ.ኤ.አ. በ1995 አልቴፕላዝን ያጸደቀው ጥናት ላይ ምልክት ያሳየ የአንጎል መፍሰስ ከወሰዱት 6.4 በመቶ፣ ካልወሰዱት 0.6 በመቶ ነበር። በ3 ወር ግን ራሳቸውን ችለው የተገኙት ከወሰዱት ይበዛሉ።

ድካሙ ቀን በቀን እየባሰ ለአንድ ሳምንት የመጣ፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ያለበት ሰው ደግሞ ሌላ መዝገብ ነው። ኤችአይቪው ይታይ፤ ቶክሶፕላዝማና የአንጎል ቲቢ ስትሮክ መስለው ይመጣሉ። ስትሮክ ድንገት ነው።

ትልቅ ሥር የተዘጋበት ሰው በካቴተር ማውጣት ከሚሠራበት ቦታ ካለ መድኃኒቱን ተቀብሎ ወዲያው ይሂድ፤ ውጤቱ ታይቶ አይጠበቅም። በተመረጡ ሰዎች እስከ 24 ሰዓት ይደርሳል።

#11 — የልብ_ክፍል

አገራችን ላይ ስትሮክ የሽማግሌ ብቻ አይደለም። የ28 ዓመት ሴት ድንገት ሽባ ስትሆን ልቧን አዳምጡ፤ የሩማቲክ ሚትራል ጥበት (የልብ በር መጥበብ) እና የተዛባ የልብ ምት ሊኖር ይችላል። ትኩሳት ካለ፣ ጥፍሯ ሥር የደም ጭረት ካለ፣ የሚያሟሟውን መድኃኒት አትስጡ፤ የልብ በር ኢንፌክሽን ከሆነ የተወረወረው ቁራጭ ባክቴሪያ ያዘለ ነው፣ አንጎል ውስጥ የመድማቱ አደጋ ከባድ ነው።

ሚትራል ጥበትና የተዛባ የልብ ምት ላለባቸው የሩማቲክ ሕሙማን መከላከያው ዋርፋሪን ነው፣ ኢንአር ከ2 እስከ 3። አዲሶቹ ደም ማቅጠኛ ክኒኖች አይተኩትም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ሕሙማን ላይ የታተመው ጥናት በዋርፋሪን ወገን ሞት ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ከስትሮኩ በኋላ መቼ ይጀመር ለሚለው፣ በተለምዶ ትንሽ ከሆነ በ3ኛው፣ መካከለኛ ከሆነ በ6ኛው፣ ሰፊ ከሆነ በ12ኛው ቀን ገደማ፣ ሲቲ ተደግሞ። እርግዝና መኖሩ ይጠየቅ። ጾም ሲገባ ጎመን ይበዛልና ኢንአር ሊወርድ ይችላል፤ ቀጠሮውን አቅርቡት። «ጎመን አትብዪ» አይባልም፣ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አይለዋወጥ ነው የሚባለው።

#12 — ኢንተርን_ጤና_ጣቢያ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሪፈራሉ ላይ እንዲህ ልጽፍ ነው፦ «ደህና ሆኖ የታየው ማክሰኞ ጠዋት 2፡20። ስኳር 118። ግፊት 190/100፣ አልተነካም። በአፍ አልወሰደም።» የጎደለ አለ?

#13 — የድንገተኛ_ሐኪም

ጥሩ ነው፣ ሰዓቱን ግን በሁለቱም ጻፈው፦ «ጠዋት 2፡20 በኢትዮጵያ፣ 08፡20 በ24 ሰዓት አቆጣጠር። 4 ሰዓት ተኩል የሚሞላው ቀን 6፡50፣ ማለትም 12፡50።» ያየችው ማን እንደሆነች፣ ስልኳን፣ ክብደቱን፣ ዋርፋሪን መውሰድ አለመውሰዱን ጨምርበት። ከወሰደም የመጨረሻው ክኒን ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ እሱንም በሁለቱም።